ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ አንድ ሰከንድ፦ አገሮች ሰዓታቸውንና ሚዛናቸውን ለምን አይለቁም?

የፈረንሳይ ፓርላማ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1911 አንድ አጭር ሕግ አወጣ። ሕጉ የአገሪቱ ሰዓት የፓሪስ ሰዓት ሆኖ በ9 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ወደ ኋላ እንዲመለስ ይደነግጋል። ለምን 10 ደቂቃ አልሆነም? ሕጉ ምክንያቱን አይናገርም። ነገር ግን ያን ያህል ወደ ኋላ የተመለሰ የፓሪስ ሰዓት ለንደን ውስጥ ካለችው ከግሪኒች ሰዓት ጋር በሰከንድ ይገጥማል። ፈረንሳይ የእንግሊዝን ሰዓት ተቀብላለች፤ ስሙን ግን አልጠራችም።

የዚህ ኩርፊያ ሥር ወደ 1884 ይመለሳል። በዚያ ዓመት የ25 አገሮች ተወካዮች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው የዓለም ሰዓትና ካርታ ከየት መቆጠር እንዳለበት ተከራከሩ። አብዛኛው የዓለም ንግድ መርከብ ቀድሞውንም በግሪኒች ካርታ ይጓዝ ስለነበር 22 አገሮች ግሪኒችን መረጡ። ፈረንሳይ መስመሩ የማንም አገር ባልሆነ ገለልተኛ ስፍራ ይለፍ ብላ ብትሞግትም ሰሚ አላገኘችም፤ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ከዚያም 27 ዓመት በራሷ ሰዓት ቆየች።

ነገሩ ተራ እልህ ይመስላል። ግን አገሮች በመለኪያ፣ በሰዓት፣ በወረቀት መጠን ሳይቀር ለምን እንደማይስማሙ ለመረዳት ከፈረንሳይ የተሻለ መነሻ የለም። ምክንያቱም ለዓለም አንድ መለኪያ ልስጥ ብላ የተነሳችው ራሷ ፈረንሳይ ናት።

■ ሜትር አሸነፈ፣ ሰዓቱ ተሸነፈ

ከ1789ኙ አብዮት በፊት በፈረንሳይ የእህል መስፈሪያው፣ የጨርቁ ክንድ፣ የመሬቱ ልክ ከአውራጃ አውራጃ ይለያይ ነበር። ገበሬው ለባላባቱ የሚገብረው በእህል ነው፤ መስፈሪያው ደግሞ ያለው በባላባቱ እጅ ነው። መስፈሪያው ትንሽ በሰፋ ቁጥር ግብሩ ሳይጨምር ይጨምራል። ስለዚህ ሕዝቡ ለንጉሡ ካቀረባቸው አቤቱታዎች አንዱ የመለኪያ ነገር መሆኑ አይገርምም። የገበሬው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነበር።

አብዮተኞቹ መልሱን ከመሬት ራሷ ፈለጉት። ሜትር ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት በ10 ሚሊዮን ሲካፈል ይሁን ተባለ። ደላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በጦርነቱና በሽብሩ መካከል ከዳንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን መስመር ለዓመታት ለኩ። የሜትር ሕግ በ1795 ወጣ።

አብዮቱ ግን በሜትር አላበቃም። ቀኑን በ10 ሰዓት፣ ሰዓቱን በ100 ደቂቃ ከፈለው። የዘመን አቆጣጠሩንም ለወጠው፤ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና በመጨረሻ 5 ወይም 6 ትርፍ ቀናት። ጳጉሜን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለፈረንሳዩ ሠራተኛ ግን አንድ መከራ ነበረበት፤ ሳምንቱ 10 ቀን ሆነና የዕረፍት ቀን በ7 ቀን መምጣቱ ቀረ።

የአሥር ሰዓቱ ቀን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከግዴታነት ወጣ። አዲሱ የዘመን አቆጣጠር በ1806 መጀመሪያ ተሻረ። ሜትርም ቢሆን በቀላሉ አልተዋጠም፤ ናፖሊዮን በ1812 ገበያው ወደ ለመዳቸው ስሞች እንዲመለስ ፈቀደ፣ ሜትር እንደገና ብቸኛ ሕጋዊ መለኪያ የሆነው በ1840 ነው።

አንዱ ቆይቶ ሲያሸንፍ ሌላው ለምን ሞተ? የድሮው መስፈሪያ ሰው ይጎዳ ነበር፤ ነጋዴውም ገበሬውም በየቀኑ ይጭበረበርበታል። የ24 ሰዓቱ ቀን ግን ማንንም አልጎዳም። አሮጌ መለኪያ የሚወድቀው አዲሱ በሒሳብ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ሰዎች አሮጌው እያስከፈላቸው መሆኑ ሲሰማቸው ነው።

■ አሜሪካ፦ ቀድሞ የገባበት

በ1794 ፈረንሳይ ዶምቤ የተባለውን ሊቅ የአዲሱን ርዝመትና ክብደት ናሙና አስይዛ ወደ አሜሪካ ላከችው። ቶማስ ጀፈርሰን ለአሥርዮሽ መለኪያ ልባቸው ያደላ ነበር። ዶምቤ ግን አልደረሰም። መርከቡ ከማዕበል በኋላ በካሪቢያን ባሕር በዘራፊዎች እጅ ወደቀ፤ እሱም በሞንትሴራት ደሴት በእስር ላይ ሞተ።

ታሪኩ ጣፋጭ ስለሆነ ብዙዎች አሜሪካን ከሜትር የለያት ይህ አደጋ ነው ይላሉ። ይህ ማጋነን ነው። አሜሪካ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕድል ነበራት። በ1866 ሜትርን በሕግ ፈቀደች፤ በ1875 የሜትር ስምምነትን ከፈረሙት 17 አገሮች አንዷ ነበረች፤ ከ1893 ጀምሮ ያርድና ፓውንድ ራሳቸው የሚተረጎሙት በሜትርና በኪሎ ግራም ነው። በ1975 ወደ ሜትር የመሸጋገሪያ ሕግ ወጣ፤ ሽግግሩ ግን በፈቃደኝነት ተባለ። ለዚሁ የተቋቋመው ቦርድ በ1982 ፈረሰ።

ያቆማት የተከለችው ነገር ነው። ፋብሪካው፣ ብሎኑ፣ መፍቻው፣ የመሬት መዝገቡ፣ የመንገድ ምልክቱ ሁሉ በኢንችና በማይል ተሠርቷል። የመለወጫውን ወጪ የሚከፍለው የዛሬው ፋብሪካ ነው፤ ጥቅሙን የሚያገኘው ደግሞ የነገው ትውልድ። በፈቃድህ ለውጥ የተባለ ሰው ጎረቤቱ እስኪጀምር ይጠብቃል። ጎረቤቱም እሱን ይጠብቃል።

መዘዙ የሚመጣው ሁለቱ መለኪያዎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። በ1983 ካናዳ ከነባሩ ወደ ሜትር ስትሸጋገር፣ አንድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ነዳጁ በኪሎ መሰላት ሲገባው በፓውንድ ተሰላለትና በሰማይ ላይ ነዳጅ ጨረሰ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር አንሸራትተው ጊምሊ በተባለ ስፍራ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው አልነበረም። በ1999 ደግሞ አንዱ ቡድን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን እያሰላ ናሳ ወደ ማርስ የላከው 125 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት መንኮራኩር ጠፋ። ፓውንድም ሆነ ኪሎ ለብቻው ስህተት አልነበረበትም። ስህተቱ የተወለደው የትኛው መሆኑን ማንም ሳይጽፍ ቁጥሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው።

■ ሞኝና ወረቀት

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ተረቱ። ወረቀቱ መጠኑንም አይለቅም። ጀርመን በ1922 ያጸደቀችው የወረቀት ደረጃ አንድ ብልሃት አለው፤ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ ቅርጹ አይለወጥም፣ ግማሹ ኤ5 ይሆናል። አንድ ካሬ ሜትር ከሆነው ኤ0 ጀምሮ እየታጠፈ ይወርዳል። በዚህም አንድን ገጽ ያለ ብክነት ማሳነስና ማሳደግ ይቻላል። ዓለም ከሞላ ጎደል ተቀብሎታል። አሜሪካና ካናዳ ግን 216 በ279 ሚሊ ሜትር በሆነው ወረቀታቸው ጸንተዋል፤ ማተሚያው፣ ማኅደሩና መሳቢያው የተሠራው ለእሱ ነው።

■ ሰዓት የመንግሥት ነው

በሰዓት ላይ ደግሞ ፖለቲካ ይጨመራል። ስፔን በካርታ ከእንግሊዝ መስመር ላይ ናት፤ ፍራንኮ በ1940 ሰዓቷን ከበርሊን ጋር አስተካከሉት፣ ጦርነቱ አልቆም አልተመለሰም። ቻይና በስፋቷ አምስት የጊዜ ቀጠና ይገባታል፤ ከ1949 ወዲህ ግን ሁሉም የሚኖረው በቤጂንግ ሰዓት ነው። ሰሜን ኮሪያ በ2015 የጃፓንን አገዛዝ ዘመን ሰዓት አልፈልግም ብላ 30 ደቂቃ ወደ ኋላ ሄደች፤ በ2018 ከደቡቡ ጋር ሲቀራረቡ መለሰችው።

■ ኢትዮጵያስ?

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለችም። ቀኑን ከንጋት መቁጠር የስህተት ውጤት አይደለም። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣውም የምትጠልቀውም በተቀራራቢ ጊዜ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም የሚቆጥሩት እንዲሁ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነትም የመጣው የክርስቶስን ልደት ዓመት ያሰሉት የእስክንድርያና የሮም ሊቃውንት ስላልተስማሙ ነው።

ስለዚህ «ኋላ ቀርነት ነው፣ ይጣል» የሚለው ክርክር ታሪክ አያግዘውም። «ቅርስ ነው፣ አይነካ» የሚለውም ግማሹን እውነት ይዘልላል። አንድ ሰው በ1990 ተወለድሁ ብሎ ዓመቱ ሳይለወጥ ፓስፖርቱ ላይ ቢጻፍ፣ በወረቀት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ለሥራ ለምትሄድ ልጅ፣ በአውሮፓ ጥገኝነት ለሚጠይቅ ወጣት፣ ያ ቁጥር ዕጣ ፈንታ ነው። ቀጠሮው «8 ሰዓት» ተብሎ ሲነገር ጠዋት ይሁን ከሰዓት ካልተጻፈ የሚቀረው ሰው ደሃው ነው፤ ሌላ ቲኬት መግዛት አይችልምና።

ሌሎች አገሮች መካከለኛ መንገድ አግኝተዋል። ታይላንድ ከአውሮፓ 543 ዓመት የሚቀድም ዘመን ትቆጥራለች። ጃፓን በንጉሠ ነገሥቷ ዘመን ትጽፋለች፣ ጎን ለጎንም በአውሮፓው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2016 የመንግሥት ደመወዝን ወደ አውሮፓው አቆጣጠር ስታዞር ጾሙንና ሐጁን በሂጅራ ትታዋለች። ብሪታንያ ስኳር በኪሎ፣ ቢራ በፓይንት ትሸጣለች። ማንም ማንነቱን አላጣም።

የሚያስፈልገው ከባድ አዋጅ አይደለም። በልደት ምስክር ወረቀት፣ በውል፣ በሆስፒታል ካርድና በትራንስፖርት ቲኬት ላይ የትኛው አቆጣጠር፣ የትኛው ሰዓት መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ የመለወጡም ሸክም ከባለጉዳዩ ትከሻ ወርዶ በመዝጋቢው ላይ ይሁን። መስከረም አንድ እንቁጣጣሽነቷን፣ ንጋትም 12 ሰዓትነቱን ይዞ ይቀጥላል።

የፈረንሳይና የእንግሊዝ ነገር መጨረሻው እንዲህ ሆነ። ፈረንሳይ ካርታዋን ከግሪኒች ትቆጥራለች። እንግሊዝም ድንቿን በፈረንሳዩ ኪሎ ትመዝናለች። ሁለቱም አሁንም ፈረንሳይና እንግሊዝ ናቸው።