ያላለቀ ውድድር፣ ያልተጻፈ አንቀጽ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ስፖርታዊ ውድድሮችም አብረው ቆሙ። በ16 ክለቦች መካከል ይካሄድ የነበረው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሁለተኛ ዙሩን ሳያገባድድ ስታዲየሞች ጭር አሉ። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የዓመቱ ውድድር መሰረዙን አስታወቀ። ሻምፒዮን የለም፤ ወራጅም የለም።

ማቆሙ ተገቢ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም። ሰው ከአራት በላይ ሆኖ እንዳይሰበሰብ በአዋጅ በተከለከለበት ወቅት ስለ ኳስ መሟገት ነውር ነበር። ነገር ግን “ይቁም” ማለትና “ይሰረዝ” ማለት በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። የመጀመሪያው የጤና ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የመብት ጉዳይ ነው፤ ለወራት በላብ የተሰበሰበ ነጥብ ምን ዋጋ እንዳለው ይወስናልና። በዚያ ሰሞን ሁለቱ ተቀላቅለው አለፉ። ውዝግቡ ዛሬ ስለበረደ ለያይቶ ማየት ይቻላል።

አንድ ጥያቄ፣ ብዙ መልስ

እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው አገሮች መልሳቸው ተመሳሳይ አልነበረም።

ፈረንሳይ ሚያዝያ 30 ቀን ውድድሩን ዘግታ፣ ክለቦች በአማካይ በጨዋታ ያገኙትን ነጥብ አስልታ ፓሪ ሳን ዠርማን ሻምፒዮን፣ አሚየንና ቱሉዝ ወራጅ ናቸው አለች። ስኮትላንድም እንዲሁ ሴልቲክን አንግሣ ኸርትስን አወረደች። ኸርትስ ከበላዩ ካለው ክለብ በአራት ነጥብ ርቆ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ቢሆንም ስምንት ጨዋታ ይቀረው ነበር።

ኔዘርላንድስ የእኛን መንገድ መረጠች። አያክስና ኤዜድ በእኩል ነጥብ፣ አያክስ በጎል ልዩነት እየመራ ሳለ ዋንጫው ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። ከታችኛው ሊግ ማንም እንዳያድግ፣ ከላይኛውም ማንም እንዳይወርድ ተወሰነ።

ከሁሉም የከፋው ዕጣ የደረሰው በእንግሊዝ አካባቢያዊ ሊጎች ለሚጫወቱ ትንንሽ ክለቦች ነው። ውጤታቸው እንዳልነበረ ሆኖ ከመዝገብ ተፋቀ። በሰሜኑ ሊግ በ12 ነጥብ ይመራ የነበረው ሳውዝ ሺልድስ ባዶ እጁን ቀረ። ጀርሲ ቡልስ 27 ጨዋታ አድርጎ 27ቱንም አሸንፎ ነበር፤ እሱም ተፋቀ። የሚገርመው ከእነሱ ከፍ ብሎ ባለው ናሽናል ሊግ ደረጃው በአማካይ ነጥብ ተሰልቶ ጸደቀ። በአንድ አገር፣ በአንድ ወረርሽኝ፣ ሁለት ዓይነት ሚዛን ማለት ይህ ነው።

ዳኞች ምን አሉ?

ክለቦች ወደ ዳኝነት አካላት መሮጣቸው አልቀረም። በታችኛው የኔዘርላንድስ ሊግ ይመራ የነበረው ካምቡር እና ተከታዩ ደ ግራፍስካፕ ዩትሬክት በሚገኘው ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ማኅበሩ የመወሰን ሥልጣን አለው ብሎ ግንቦት 14 ቀን ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገ። ኸርትስም በግልግል ዳኝነት ተረታ። በፈረንሳይ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሰኔ 9 ቀን ውድድሩ መዘጋቱን ሲያጸና የሁለቱን ክለቦች መውረድ አግዶ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ሊጉ በዚያው ወር ተሰብስቦ ክለቦቹ 20 ብቻ ይሁኑ ሲል ሁለቱም ወረዱ።

ከእነዚህ ክርክሮች የምረዳው ዳኞች በተቻለ መጠን ለስፖርት አስተዳዳሪዎች ውሳኔ እንደሚያደሉ ነው። ስለዚህ ክለብ መብቱን ማስከበር ያለበት በፍርድ ቤት ደጃፍ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ደንቡ በሚረቀቅበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል

የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 እና 1793 ከአቅም በላይ ስለሆነ ኃይል ይደነግጋል። አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታን ለመፈጸም ፍጹም የሚያግድ ነገር ሲደርስ ባለዕዳው በኪሳራ አይጠየቅም። የመንግሥት ክልከላም በሕጉ ከተዘረዘሩት ምሳሌዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. ክለብ “ለምን አላጫወታችሁኝም?” ብሎ ካሳ ቢጠይቅ የሚሰማው አያገኝም ነበር።

ይሁንና ይህ ድንጋጌ የሚነግረን ያልተጫወትነው ጨዋታ ዕዳ እንደማይሆንብን ብቻ ነው። የተጫወትነው ምን ይሁን ለሚለው መልስ የለውም። ያንን መመለስ ያለበት የውድድሩ ደንብ ነው። ደንቡ ዝም ካለ መልሱ የሚሰጠው የደረጃ ሠንጠረዡ ከታየ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሐሳብ ባለቤት አለው። መሪው “አማካይ ይሠራ” ይላል፤ ግርጌ ያለው “ይሰረዝ” ይላል፤ መሐል ያለው “እናንተ እንዳላችሁ” ይላል። የኔዘርላንድስ 34 ክለቦች ማደግና መውረድ ይኑር ወይ ተብለው ሲጠየቁ 16ቱ ይኑር፣ 9ኙ አይኑር አሉ፤ 9ኙ አቋም አልያዙም። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም የሚለው የቆየ መርህ እዚህ ላይ ተጣሰ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ፕሪሚየር ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ባለቤቶቹ ክለቦቹ ራሳቸው ናቸው። ገንዘቡም እንደ ድሮው አይደለም፤ ማኅበሩ ከዲኤስቲቪ ጋር የተፈራረመው የአምስት ዓመት የስርጭት ውል 68 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነበር። ውድድር የሚያቋርጠውም ወረርሽኝ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ሲመለስ በጦርነቱ ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ሳይሰለፉ በ13 ክለቦች ተካሂዷል።

ምን ይበጃል?

ጥሩ ደንብ አራት ነገሮችን አስቀድሞ መመለስ አለበት እላለሁ። አንደኛ፣ ስንት ጨዋታ ከተካሄደ ነው ውጤቱ የሚጸናው? ሁለተኛ፣ ደረጃው በምን ስሌት ይወጣል? ሦስተኛ፣ ማደግና መውረድ፣ የተጫዋቾች ውልና ደመወዝስ ምን ይሆናሉ? አራተኛ፣ ውድድሩ መቋረጡን የሚወስነው፣ ከክለቦቹ ነፃ የሆነው አካል ማነው?

መልሶቹ ያን ያህል የተራቀቁ መሆን አያስፈልጋቸውም። ማን እንደሚመራ ባልታወቀበት የመጀመሪያው ሳምንት የተጻፈ ተራ አንቀጽ፣ ሠንጠረዡ ከታየ በኋላ ሊቃውንት ተሰብስበው ከሚያወጡት ቀመር ይልቅ ፍትሐዊ ነው። ከወራጅ ተርፎ ሳለ በደንብ የወረደ ክለብም ሆነ ዋንጫ ሳይነሳ የቀረ መሪ፣ ቅር ቢለው እንኳ ተበደልኩ አይልም፤ አስቀድሞ ፈርሞበታልና።