የኩላሊት እጥበት፦ ነርሶች ለታካሚ የሚሰጡት የቤት ውስጥ ጥንቃቄ ትምህርት

የኩላሊት እጥበት በአብዛኛው በሳምንት 3 ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን፣ አንዱ ዙር 4 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በሌሎች አገሮች በነርሶች ለሳምንታት ሠልጥነው እጥበቱን በቤታቸው የሚያከናውኑ ታካሚዎች አሉ። በአገራችን ግን አገልግሎቱ በአብዛኛው የሚገኘው በከተማ የሕክምና ተቋማት ነው። በመሆኑም ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ለሚመላለስ ታካሚ፣ እጥበት በሌለባቸው ቀናት ስንቁ ከነርሶች የቀሰመው ትምህርት ነው።

የደም ሥሩ በቀዶ ሕክምና ለእጥበት በተዘጋጀ ክንድ ሸክም አይያዝም፤ የደም ግፊት አይለካበትም፤ ለምርመራ ደም አይቀዳበትም። ክብደት በየዕለቱ ይለካል፤ ውኃና ጨው በታዘዘው መጠን ብቻ ይወሰዳሉ። ፖታሲየም የሚበዛባቸው እንደ ድንችና ባቄላ ያሉ ምግቦችም በባለሙያ ምክር ይመጠናሉ። ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተከሰተ፣ አልያም በክንዱ ላይ በእጅ የሚዳሰሰው ንዝረት ከጠፋ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ይገባል።