ሰርቨሩ ለምን 1024 ላይ ይቆማል?

ከኢር ያሚም ነው የማወራችሁ።

በስግድ ዕለት ሁሉም ሰው አንድ ሳይት ላይ ሲገባ፣ ሰርቨሩ ሜሞሪ እያለው «የተከፈተው ፋይል በዛ» ብሎ ሰው ሊመልስ ይችላል። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ክፍት ፋይልና ግንኙነት ቁጥር ይሰጣል፤ ፋይል ዴስክሪፕተር ይባላል። የተለመደው ገደብ 1024 ነው።

ለምን? በ1983 የበርክሌይ ዩኒክስ «ሴሌክት» የሚባል ጥሪ አመጣ። ሊኑክስ ላይ ሴሌክት ከ1023 በላይ ያለ ቁጥር አይችልም፤ ሜሞሪ ሊያበላሽ ይችላል። በ1999 ዳን ኬግል «ሰርቨር 10000 ሰው ባንዴ ያስተናግድ» ብሎ ጻፈ፣ በ2002 ደግሞ «ኢፖል» ሊኑክስ ውስጥ ገባ። በቃ ተፈታ ትላላችሁ፤ ግን ሲስተምዲ በ2018 ጣሪያውን 524288 ሲያደርሰው፣ መነሻውን 1024 ላይ ተወው፣ የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ። ለኔ ትክክል ነው። ሰርቨራችሁ ሴሌክትን የማይጠቀም ከሆነ ግን፣ ሲስተምዲ ላይ «ሊሚት ኖፋይል» የሚለውን ከበዓሉ በፊት ራሳችሁ ከፍ አድርጉት።