በአጥንት ላይ የተቀረጸ ዘፈን

ሌኒንግራድ፣ የ1940ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ወጣት ከመንገድ ላይ ሻጭ የገዛውን ዕቃ ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ ወደ ቤቱ ይገባል። ዕቃው ክብ ሆኖ በመቀስ የተቆረጠ ስስ ፊልም ነው። ወደ አምፖሉ ከፍ ቢያደርገው የማያውቀው ሰው የጎድን አጥንት ይታየዋል። ፊልሙ አንድ ሕመምተኛ የተነሣው ራጅ ነበር። ግራሞፎኑ ላይ አስቀምጦ መርፌውን ሲያሳርፍበት ግን ከዚያ አጥንት ውስጥ ታንጎ መሰማት ይጀምራል።

ሩሲያውያን ይህን ዕቃ «አጥንት» ወይም «ጎድን» ይሉት ነበር። የሶቪየት ሳንሱር ከጆሮ ያራቀውን ሙዚቃ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲያዳርስ የኖረው ይህ የሆስፒታል ቁራጭ ነው።

ታሪኩ ዛሬ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የጀግንነት ታሪክ ይሆናል፤ ነፃነት የተጠሙ ወጣቶች በሙዚቃ አምባገነንን ሲታገሉ። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል፤ ይበልጥ የሚያሳስበውም እሱ ነው። አብዛኞቹ ገዢዎች መንግሥትን ለመታገል አላሰቡም። የፈለጉት መደነስ ነበር። ጥያቄው መደነስ የፈለገ ሰው እንዴት ወንጀለኛ ሊሆን ቻለ የሚለው ነው።

ከጦርነቱ ድል በኋላ የሶቪየት ሕዝብ ጥቂት እፎይታ ጠብቆ ነበር። የመጣው ግን ተቃራኒው ነው። የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ በ1948 መጀመሪያ ባወጣው ውሳኔ እንደ ሾስታኮቪችና ፕሮኮፊየቭ ያሉትን ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎች ሳይቀር ከሕዝብ የራቀ ሙዚቃ ይጽፋሉ ብሎ አወገዘ። የቀዝቃዛው ጦርነት ሲጀምር ደግሞ ጃዝ የጠላት አገር ድምፅ ተባለ። በጦርነቱ ጊዜ ለቀይ ጦር ሲጫወት የነበረው ታዋቂው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ኤዲ ሮስነር በ1946 ተይዞ ወደ እስር ካምፕ ተላከ፤ የተፈታው በ1954 ነው።

የሚገርመው በጣም ይፈለግ የነበረው የአሜሪካ ጃዝ ብቻ አለመሆኑ ነው። ገበያው የደራላቸው በሩሲያኛ የሚዘፍኑ ሩሲያውያንም ነበሩ። ቡካሬስት ይኖር የነበረው የታንጎ ዘፋኝ ፒዮትር ሌሽቼንኮ አንዱ ነው። ዘፈኖቹ የፍቅርና የናፍቆት ነበሩ፤ ስለ ፖለቲካ አይናገሩም። ጥፋቱ ስደተኛ መሆኑና በጦርነቱ ጊዜ ሮማንያ በያዘቻት ኦዴሳ መድረክ ላይ መውጣቱ ነበር። ቫዲም ኮዚን በበኩሉ በአገሩ ውስጥ እጅግ የተወደደ ዘፋኝ ሆኖ ሳለ በ1944 ታስሮ ወደ ማጋዳን ተላከ። የአሌክሳንደር ቬርቲንስኪ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከስደት በ1943 ሲመለስ በየከተማው ኮንሰርት እንዲያሳይ ተፈቀደለት፤ በ1951 በፊልም ትወናው የስታሊን ሽልማት ተሸለመ። የዚሁ ተሸላሚ ድምፅ ግን ከመንግሥት ሸክላ ቤት አይገኝም ነበር። የሚፈልገው ሰው አጥንት ላይ መግዛት ነበረበት።

ታዲያ ይህ ሁሉ የተጀመረው በሕጋዊ ሱቅ ውስጥ ነው። በ1946 ስታኒስላቭ ፊሎ የሚባል ሰው በሌኒንግራድ ዋና ጎዳና በኔቭስኪ ላይ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ ከፈተ። መሣሪያው ከጦርነቱ ምርኮ ጋር የመጣ የጀርመን ቴሌፉንከን ነው። ለይስሙላ ሥራው ሰው ለወዳጅ ዘመዱ የሰላምታ ቃሉን ወይም የራሱን ዘፈን አስቀርጾ እንዲልክ ነበር። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ያው ማሽን የውጭ አገር ሸክላዎችን ይገለብጥ ጀመር።

ከደንበኞቹ መካከል ሩስላን ቦጎስሎቭስኪ የሚባል ወጣት ነበር። ማሽኑን ደጋግሞ እየመጣ ተመለከተው፤ አሠራሩን አጠና፤ ቤቱ ገብቶ የራሱን ሠራ። የሚቀረው መቅረጫ የሚሆን ዕቃ ማግኘት ነበር። ለዚህም መፍትሔውን የሰጠው መንግሥት ራሱ ነው። አሮጌ የራጅ ፊልም በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ሆስፒታሎች እንዳያከማቹት ታዘው ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ የተጣለውን ልውሰድላችሁ ሲል ለሆስፒታሉ ሠራተኛ ግልግል ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ወይም አንድ ጠርሙስ ቮድካ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል።

ሥራው ይህን ይመስላል። ፊልሙ በመቀስ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል፤ መሐሉ በሲጋራ ጫፍ ይበሳል። በአንድ ወገን ዋናው ሸክላ ይጫወታል፤ በሌላ ወገን ድምፁን የተቀበለው መቅረጫ መርፌ ፊልሙ ላይ ጭረቱን ይቆፍራል። እያንዳንዱ ቅጂ ለብቻው፣ ዘፈኑ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ወስዶ የሚሠራ ነው። የሚይዘው በአንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን የድምፁ ጥራት ዝቅተኛ ነው። ጥቂት ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ያልቃል። ዋጋው ግን ከመደበኛ ሸክላ በጣም ይረክስ ስለነበር ተማሪም ሊገዛው ይችላል።

ቦጎስሎቭስኪ ከጓደኛው ከቦሪስ ታይጊን ጋር ሆኖ ለሥራቸው «ወርቃማው ውሻ» የሚል ስም አወጡ። ግራሞፎን ሲያዳምጥ በሚታየው ውሻ የሚታወቀውን የእንግሊዝ ሸክላ አሳታሚ ለመኮረጅም ለመቀለድም ነበር። ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም። በ1950 ፖሊስ ብዙ የአጥንት ነጋዴዎችን በአንድ ጊዜ ለቀመ። ቦጎስሎቭስኪ ሦስት ዓመት፣ ታይጊን አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ስታሊን በ1953 ሲሞት ምሕረት ወጣና ተፈቱ። ቦጎስሎቭስኪ እንደወጣ ማሽኑን እንደገና ሠራ። እንደገና ታሰረ፤ ወጣ፤ ደግሞ ታሰረ። በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ወህኒ ወርዷል።

ነጋዴዎቹ ሁሉ ንጹሐን ነበሩ ማለት አይደለም። ገዢው መንገድ ላይ ቆሞ ዕቃውን ማስሞከር አይችልም። ስለዚህ ማጭበርበር በዛ። አንዳንዱ ፊልም የተባለውን ዘፈን ጥቂት ካሰማ በኋላ ዝም ይላል፤ አልፎ ተርፎም አንድ ድምፅ ተነሥቶ አዳማጩን ይሰድበዋል። በሌኒንግራድ ውስጥ ሌሽቼንኮን አስመስሎ የሚዘፍን ድምፃዊ ተገኝቶ ቅጂው በሌሽቼንኮ ስም ይሸጥ ነበር፤ ብዙ ሰው ልዩነቱን ሳያውቅ ኖሯል። የተታለለ ገዢ ደግሞ ለማንም አቤት ማለት አይችልም። ሳንሱር ሙዚቃውን አላጠፋውም፤ ጥራቱንና ተጠያቂነቱን ግን አጠፋው።

እውነተኛው ሌሽቼንኮ በዚህ ጊዜ የት ነበር? በ1951 ሮማንያ ውስጥ ታሰረ፤ በ1954 በእስር ቤት ሆስፒታል ሞተ። ድምፁ በአጥንት ላይ ከተማ ለከተማ እየዞረ ሳለ ባለቤቱ መሞቱን እንኳ ብዙ አድናቂዎቹ አላወቁም።

አጥንትን ከገበያ ያስወጣው ፖሊስ አልነበረም፤ ቴፕ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባለ ክር ቴፕ መቅረጫ በሶቪየት ፋብሪካዎች እየተመረተ በሕጋዊ መንገድ ይሸጥ ጀመር። መንግሥት ለሕዝቡ ኑሮ መሻሻል ማሳያ ይሆናል ብሎ ያቀረበው መሣሪያ እያንዳንዱን መኖሪያ ቤት የሙዚቃ ማባዣ አደረገው። ቡላት ኦኩድዣቫ፣ አሌክሳንደር ጋሊችና ቭላዲሚር ቪሶትስኪ በጊታር የሚዘፍኑት በየሰው ሳሎን ይቀረጻል፤ አንዱ ከሌላው ይገለብጣል። እዚህ ላይ የነገሩ ባሕርይ ተለወጠ። አጥንት ላይ የነበረው የሌላ ዘመንና የሌላ አገር ዘፈን ነው። ክሩ ላይ ያለው ግን አድማጩ ራሱ ስለሚኖረው ኑሮ ይናገራል። ጋሊች በ1971 መጨረሻ ከደራስያን ማኅበር ተባረረ፤ በ1974 አገሩን ለቀቀ፤ በ1977 ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

ቪሶትስኪ በሐምሌ 1980 ሲያርፍ ሞስኮ የኦሊምፒክ እንግዶቿን እያስተናገደች ነበር። በሕይወቱ ሳለ አገሩ አንድም ሙሉ አልበም አላሳተመለትም። ጋዜጦች መሞቱን በትንንሽ ጽሑፍ ብቻ ነው የገለጹት። ያም ሆኖ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይሠራበት በነበረው በታጋንካ ቲያትር ዙሪያ ተሰበሰበ። ተደብቀው ቢፀንሱ ሰው ሰብስበው ይወልዱ እንደሚባለው፣ በየሳሎኑ በዝግታ ሲደመጥ የኖረ ድምፅ ምን ያህል ጆሮ እንዳለው መንግሥት በዓይኑ ያየው ያን ቀን ነው።

ሙዚቃ ሶቪየት ኅብረትን አፈረሰ የሚሉ አሉ። ይህ ማጋነን ነው። መንግሥቱን የጣሉት የኢኮኖሚ፣ የብሔረሰቦችና የሥልጣን ጉዳዮች ናቸው። የአጥንቱ ታሪክ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ሌሽቼንኮን የሚሰማው ወጣት ታንጎውን ሰምቶ፣ ጠዋት ፋብሪካው ሄዶ፣ ሰልፍ ሲመጣ ባንዲራ ይዞ ሊወጣ ይችል ነበር። የፍቅር ዘፈንን የፖለቲካ ጉዳይ ያደረገው ከልካዩ ነው። ለዳንስ ብሎ ሕግ የሚጥስ ሰው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይቀስማል፦ መንግሥት በማይገባው ጉዳይ ሊገባ እንደሚችል፣ መንግሥትን ማታለል እንደሚቻል፣ ጎረቤቱም እንደሱ እንደሚያታልል። ይህን ትምህርት ያስተማረው ዘፈኑ አልነበረም።

በ1987 ቪሶትስኪ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ የአገሪቱ የመንግሥት ሽልማት ተሰጠው። በ1988 ደግሞ የመንግሥቱ ሸክላ አሳታሚ ሜሎዲያ የፒዮትር ሌሽቼንኮን ዘፈኖች በይፋ አሳተመ። ሸክላው በየሱቁ ተሸጠ፤ ሰዎች ገዝተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በታንጎው ምክንያት የደረሰ ጉዳት አልነበረም። ያንን ድምፅ በራጅ ፊልም ላይ ስለገለበጡ ወህኒ የወረዱ ሰዎች ያጡትን ዓመታት ግን የመለሰላቸው የለም።