ቤት ጎማ ላይ፦ ከጋሪ እስከ ጋቢና

 

ሰሞኑን አሜሪካ ያለ አንድ ተማሪዬ ፎቶ ላከልኝ። ቤተሰቡን ይዞ ለሽርሽር የተከራየው መኪና ነው። ውስጡ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ የእጅ መታጠቢያ አለ፣ ሲፈለግ የሚዘረጋ ሲበቃ የሚታጠፍ ጠረጴዛ አለ። «ሞተር ሆም» ይሉታል። «ቲቸር፣ እንዲህ ያለው ነገር እኛ አገር መቼ ይሆን የሚመጣው?» ብሎ ጽፎልኛል።

ወዲያው አልመለስኩለትም። በዚያው ሳምንት ሌላ ተማሪዬ ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ሁሩታ መጥቶ ነበር። አሁን የተሳቢ ሾፌር ነው። «ቲቸር፣ ቤቴን ሳያዩማ አይሄዱም» ብሎ እጄን ይዞ ጋቢናው ላይ አወጣኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ቤት ነው። ከወንበሩ ጀርባ ያለው አልጋ ስፖንጁ በልኩ ተቆርጦ በአዲስ ልብስ ተሰፍቷል። የአልጋውን ክዳን ሲያነሳው ከሥር ሦስት ቦታ የተከፈለ ሳጥን አለ፤ አንዱ የልብስ፣ አንዱ የወረቀትና የሰነድ፣ አንዱ የበሶና የድርቆሽ። በረዳቱ በኩል በማጠፊያ የተያያዘች የኮምፔርሳቶ ጣውላ አለች፤ ስትዘረጋ ጠረጴዛ፣ ስትታጠፍ የለችም። ከመስተዋቱ በላይ ያለው መደርደሪያ ጠርዙ ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ፍሬን ሲያዝ ዕቃው ሰው ላይ እንዳይወርድ። «ማን ሠራልህ?» አልኩት። «አናጢው አዳማ ነው ቲቸር። ልኩን የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ፣ ሥዕሉንም የሣልኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

ይህን ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ለአሜሪካው ልጄ የሚሆን ታሪክ።

ፈረንጆቹ የሽርሽር ቤት በጎማ ላይ ታሪክን ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. ከ1885 ነው። ዊልያም ጎርደን ስቴብልስ የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረ ደራሲ፣ ብሪስቶል ከተማ ባለ የፉርጎ ፋብሪካ «ዋንደረር» ያለውን ተንቀሳቃሽ ቤት በትእዛዝ አሠራ። ሐሳቡን ያገኘው በሠረገላቸው ውስጥ ከሚኖሩት የሮማ ሕዝቦች ነው። የሚጎትቱትም ሁለት ፈረሶች ነበሩ። ልብ በሉ፣ ጋሪ ነው እኮ! ሞተር ያለው የተስፋፋው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ዌስትፋሊያ የተባለ የጀርመን ድርጅት ለቮልስዋገን አውቶብስ የሚገባና የሚወጣ ሳጥን መሰል ዕቃ ሠራ፤ አልጋና ቁምሳጥን የሚሆን። መኪናው በሥራ ቀን ዕቃ ያመላልሳል፣ በእረፍት ቀን ቤት ይሆናል። የሙያው ቁም ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፦ ጠባብ ቦታን ሁለት ጊዜ ማሠራት።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አዳማን፣ ሞጆን፣ ዝዋይን የሚያውቅ ሰው ጋሪን ያውቃል። የጋሪ እግር ከየት ነው የመጣው? ከወደቀ መኪና ነው። የአሮጌ መኪና አክሰልና ጎማ ተፈልጎ፣ አናጢው እንጨቱን ጠርቦ፣ ብረት ሠሪው አስሮ የሚቆም ዕቃ ነው። የተቀደደ ከመነዳሪ ተሰንጥቆ ማሰሪያ ይሆናል። መቀመጫው ላይ ጭድ ይጠቀጠቅ ነበር፤ ኋላ ስፖንጅ መጣ። ለፀሐዩ ሸራ ይወጠራል፣ ለዓይን ደግሞ ቀለምና ጌጥ። እንደ ሰው አቅም ነው፤ ሁለት ጋሪ አንድ ዓይነት አይሆንም። ባጃጅ መጥቶ ጋሪን ከዋናው መንገድ ሲገፋው ልማዱ አልጠፋም። ባጃጁ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም አንድ ነው፣ እኛ ከተማ አንድ ወር ከቆየ በኋላ ግን ልብሱ፣ መጋረጃው፣ መብራቱ የባለቤቱ ነው።

የመኪናው ወገን ደግሞ ታሪኩ በቃላቱ ላይ ተጽፏል። ጋቢና፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ኮፈን፣ ስፖንዳ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ያ ኮምፔርሳቶ ሳይቀር የጣሊያን ቃላት ናቸው። ፖርቶ መጋላ ማለት በቋንቋቸው ሻንጣ ተሸካሚ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘን ጊዜ መንገዱንና ፊያቱን ይዞ መጣ፤ ሲሸነፍ መኪናውም ጋራዡም ቃሉም ቀረ። በነዚያ ጋራዦች ሙያ የቀሰሙት ሰዎች ሌሎችን አስተማሩ፣ እነዚያም ሌሎችን። ደብተር የለም፣ ዲፕሎማ የለም፤ መዶሻ በማቀበል ነው የተማሩት።

የዚህ ትምህርት ትልቁ ፍሬ ሁላችሁም የተሳፈራችሁበት ቅጥቅጥ ነው። ስሙን አስባችሁት ታውቃላችሁ? የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ፣ እዚሁ አገር ቤት ላሜራ ተቀጥቅጦ የሚሠራ አውቶብስ ማለት እኮ ነው። ወንበሩ እዚህ ይበየዳል፣ ልብሱ እዚህ ይሰፋል፣ መጋረጃው እዚህ ይንጠለጠላል። ከሚኒባሶቹም ውስጥ ዕቃ ማመላለሻ ሆነው ገብተው ወንበር የተሠራላቸው አሉ። ከአሰላ አዳማ የተመላለሰ ሰው በእነዚህ ሠራተኞች እጅ ላይ ተቀምጦ ነው የሄደው።

ማሞገስ ብቻ እንዳይሆን ይህንንም ልበል። በልክ ያልተበየደ ወንበር በግጭት ጊዜ ከወለሉ ተነቅሎ ሰው ይጨርሳል። የሾፌሩን እይታ የሚከልል መጋረጃና ጌጥም እንደዚያው። ጥሩ ሠሪና መጥፎ ሠሪ የሚለየው ልብሱ ላይ አይደለም፣ ከልብሱ ሥር ያለው ብሎን ላይ ነው።

የከባድ መኪናው ጋቢና ቤት እየሆነ የመጣው ደግሞ በመንገዱ ምክንያት ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋና ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አዳማ የዚያ መንገድ ዋና ማረፊያ ሆነች። ሾፌሩ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ የአፋርን ሙቀት ያቋርጣል፤ ወደቡ ላይ ወረፋ ይጠብቃል፤ ጭነቱን ትቶ አልጋ ቤት ማደር አይችልም። ስለዚህ ቤቱን ይዞ ሄደ። ተማሪዬ እንደነገረኝ መጀመሪያ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ ነበር። አንድ ሌሊት ጋዝ ሸቶት ከእንቅልፉ ነቃ። በማግስቱ በተሳቢው ጎን የብረት ሳጥን አሠርቶ ምድጃውን ከነጋዙ ወደ ውጭ አወጣው። አሁን ቡናውን የሚያፈላው በተሳቢው ጥላ ሥር ነው። የውሃ ጀሪካኑንም በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልለዋል፤ ነፋሱ ጆንያውን ሲያደርቀው ውሃው ይቀዘቅዛል። ይህን ከፊዚክስ መምህሩ ይማረው ከሾፌሮች አላውቅም።

እንግዲህ ለአሜሪካው ልጄ መልሴ ይህ ነው፦ መጥቷል ልጄ፣ ከመጣ ቆይቷል። ልዩነቱ፣ ያንተኛው ለሽርሽር የተሠራ ነው፣ የኛው ለእንጀራ። የስቴብልስ ጋሪ ግን መጽሐፍ ተጽፎለታል። የኛን የመጀመሪያ ቅጥቅጥ ማን ቀጠቀጠው? የመጀመሪያውን የጋቢና አልጋ ማን ሰፋው? ሠላሳ ዓመት ታሪክ ሳስተምር አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የነገሥታቱን ዘመን በቃላችሁ አስጠናኋችሁ፤ የተቀመጣችሁበትን ወንበር የሠራውን ሰው ግን ዘለልኩት።

አሁን ያንን የገባሁላችሁን ቃል ልፈጽም። ይህ ሾፌር ተማሪዬ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የታሪክ ደብተሩ ጀርባ ላይ ሳጥንና መደርደሪያ፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ የጋሪ ጣሪያ ይሥል ነበር። አንድ ቀን ደብተሩን ነጥቄ ለክፍሉ እያሳየሁ «የዚህ መጨረሻው የመኪና ረዳት መሆን ነው» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ ይህን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለና ቡናዬን ቀዳልኝ። የረሳው አይመስለኝም።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፣ እንደ ድሮው። አባታችሁ ጋሪ ነጂ፣ አናጢ፣ በያጅ፣ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ የነበረ ካለ፣ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ከማን ተማሩ? በስንት ዓ.ም.? የመጀመሪያ ሥራቸው የትኛው ነበር? ፎቶ ካለ ፎቶውን፣ ከሌለ ታሪኩን ላኩልኝ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ። እኔ እሰበስበዋለሁ።

ይህ የቤት ሥራ ማርክ የለውም። ግን ዘግይቶም ቢሆን ይታረማል።

ሰላም ሁኑልኝ።