የአየሩ ባለርስት

ሞላሌ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከብርዱ ጋር ነው። ከጣርማበር ተገንጥሎ ወደ መንዝ የገባ መንገደኛ፣ አገሩን ከማየቱ በፊት ጆሮው ይቀዘቅዛል። አጎቴ ቤት የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነበር። ባናቸውን ተከናንበው፣ ባትሪው እንዳይወድቅ በጎማ ቁራጭ የታሰረች አሮጌ ሬዲዮ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህቺ ሬዲዮ ዛሬም ትሠራለች?»

«እሷስ ትሠራለች፤ የሚናገርባት ነው የጠፋው።»

ከዚያ የድሮውን አነሱ። ማታ ማታ የውጭውን የአማርኛ ስርጭት ሲያዳምጡ፣ ዜናው ከመጀመሩ አንድ የሚያጉረመርም ድምፅ ይመጣና ንግግሩን ይውጠዋል። መጀመሪያ ባትሪው የደከመ መስሏቸው አዲስ ገዙ። አልተሻለም። «ወፍጮ ገባበት» ይሉት ነበር። ቀጥሎ የጠየቁኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «አንተ የተማርክ ነህ። ለመሆኑ የአየሩ ባለርስት ማነው? የኛን ድንበር ሲገፉብን አቤት የሚባለው የት ነው?»

ጥያቄው ከመንዜ አፍ ሲወጣ ይከብዳል። መንዝ የርስት አገር ነበር። በአፈ ታሪኩ መሠረት አገሩ የማማ፣ የላሎና የጌራ ድርሻ ሆኖ ለሦስት ተከፍሏል፤ ሞላሌ ያለችው በማማ ምድር ነው። ሰው መሬት የሚጠይቀው ትውልዱን ቆጥሮ፣ በእናቱም ይሁን በአባቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን አስመስክሮ ነበር። ሙግቱ ዕድሜ ይጨርሳል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ያን ሁሉ ቢያበቃውም፣ ቋንቋው ግን በአጎቴ አፍ አልሞተም። እኔም መልሱን በሳቸው ቋንቋ ስፈልገው፣ ካሰብኩት በላይ ገጠመ። (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አየሩም እንደ መንዝ ለሦስት ተከፍሏል። የመጀመሪያው ምድብ አውሮፓን፣ አፍሪካንና የአረብ አገሮችን አብዛኛውን ይዟል፤ ሁለተኛው አሜሪካዎችን፤ ሦስተኛው የቀረውን እስያና ፓስፊክን። አከፋፋዩ ጄኔቫ የተቀመጠው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። የተወለደው ሜይ 17 ቀን 1865 ፓሪስ ላይ ሲሆን፣ ሃያ መንግሥታት ተሰብስበው ነው የፈረሙት። ያኔ ሬዲዮ የሚባል የለም፤ ጣጣው የቴሌግራም ነበር። ከአንድ አገር የተላከ መልእክት ድንበር ላይ ሲደርስ፣ ጸሐፊው በወረቀት ገልብጦ ለጎረቤቱ አገር ጸሐፊ ያቀብለዋል፣ ያም እንደገና ይመታዋል። ኮዱን አንድ ማድረግ፣ ዋጋውን መስማማት፣ ሽቦውን ማገናኘት፤ ሥራው ይኸው ነበር። በ1906 በርሊን ላይ ደግሞ ለገመድ አልባው ደንብ ወጣለት። ዛሬም በየሦስት በየአራት ዓመቱ እየተሰበሰቡ የሚያሻሽሉት ይህንኑ የሬዲዮ ደንብ ነው። የትኛው ሞገድ ለመርከብ፣ የትኛው ለአውሮፕላን፣ የትኛው ለሬዲዮ ጣቢያ፣ የትኛው ለሞባይል እንደሚሆን ይለዩና፣ አገሮች ያሳወቁትን ጣቢያ በአንድ መዝገብ ያሰፍራሉ። በመዝገቡ በወጉ የሰፈረ ጣቢያ በሌላው እንዳይረበሽ ይከበርለታል። የርስት መዝገብ ማለት ነው።

እኛስ መቼ ገባን? ስልክ በምኒልክ ዘመን መጣ። ቋንቋችን «ስልክ» ያለው ሽቦውን ነው። ኋላ ሽቦ የሌለው ሲመጣ ሰዉ አልተቸገረም፤ «ነፋስ ስልክ» አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከገመድ አልባው ቴሌግራፍ ነው ይባላል። እኔ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላየሁም። የጄኔቫ ሰነዶች በስንት አንቀጽ የሚያብራሩትን ባላገሩ በሁለት ቃል ጨረሰው።

ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል የሆነችው በ1932 ነው። አፍሪካ በአብዛኛው በቅኝ ገዢዎች ስም በምትወከልበት ጊዜ በራሷ ስም ገባች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ ወረራው ሊጀመር ሲል፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሬዲዮ ለዓለም ተናገሩ። የአቃቂን ጣቢያ የሠራው ደግሞ አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያላግጣል።

ቀድሞ የመግባት ጥቅሙ እስከ ዛሬ በአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች አካል ላይ ተጽፎ ይታያል። የመመዝገቢያ ምልክታቸው «ኢ ቲ» ብሎ ይጀምራል። ብዙ ሰው የአየር መንገዱ ምልክት ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከሬዲዮ ነው። ኅብረቱ ለየአገሩ የጥሪ ምልክት ሲያድል ለኢትዮጵያ በኢ ቲ የሚጀምረውን ሰጣት፤ አውሮፕላኖችም የአገራቸውን ምልክት ከዚያው ዕደላ ይወስዳሉ። ዘግይተው ነጻ የወጡትን ተመልከቱ። የኬንያ አውሮፕላን «5 ዋይ»፣ የናይጄሪያው «5 ኤን»፣ የጋናው «9 ጂ» ነው። ፊደሉ በቀደሙት ተይዞ ስላለቀ፣ ኋላ ለመጡት ቁጥር የተቀላቀለበት ደረሳቸው። የመንዝ ታናሽ ወንድም ይህን ነገር ያውቀዋል፤ ለሱም የሚደርሰው ገደሉ አፋፍ ያለው ነው። 251 የሚለው የስልክ መለያችንም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። በ2 የሚጀምረው ዞን በአብዛኛው የአፍሪካ ስለሆነ፣ ሞላሌም ዳካርም ሲደወልላቸው የመጀመሪያዋ ቁጥር አንድ ናት።

የሰማዩ ላይ ሙግት ከዚህም ይብሳል። ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ለታች አይ የቆመ ይመስላል። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ ቦታውም ያልቃል። የቆየው ሥርዓት ቀድሞ ያስመዘገበ ይወስዳል የሚል ነበር። አቅኚ አባት! ሮኬት ያለው አቀና፤ የሌለው ቆሞ አየ። በ1976 ከምድር ወገብ ሥር ያሉ ስምንት አገሮች፣ ጎረቤቶቻችን ኬንያና ኡጋንዳም ጭምር፣ ቦጎታ ላይ ተሰብስበው «ከራሳችን በላይ ያለው የኛ ነው» ብለው አወጁ። ማንም አልሰማቸውም። ይሁንና የደሃ አገሮች ጩኸት ፍሬ ቢስ አልቀረም፤ በ1988 በወጣ ዕቅድ ለየአገሩ፣ ሳተላይት ይኑረውም አይኑረው፣ አንድ አንድ ድርሻ እንዲቀመጥለት ተደረገ። በኔ እምነት ኅብረቱ ከሠራቸው ሥራዎች ፍትሕ የሚሸተው ይሄ ነው።

በምድርም እንዲሁ ድርሻ ተቀምጦልናል። በ1984 መጨረሻ፣ የኮረም ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ዓለም በቴሌቪዥን እያየ ሳለ፣ ጄኔቫ ላይ የኤፍ ኤም ሞገድ ለአውሮፓና ለአፍሪካ ይደለደል ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ኤፍ ኤምን በወጉ የለመደው ግን ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ2000 ሥራ ሲጀምር ነው። በዚያ ዓመት ርስቱን ባናስጠብቅ ኖሮ ምን እንደምንሆን እንጃ።

አሁን ወደ አጎቴ ወፍጮ ልመለስ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የኅብረቱ መተዳደሪያ ማንም አባል አገር በሌላው ስርጭት ላይ ጎጂ ረብሻ እንዳይፈጥር ይከለክላል። ኢትዮጵያም ፈርማለች። ይሁንና ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በማርች 2010 የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ክፍል ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ ባለሙያዎቹ አቅሙ አለን ካሉ ለማፈን ትእዛዝ ከመስጠት ወደኋላ እንደማይሉ በይፋ ተናገሩ። በ2014 ደግሞ አረብሳት በሳተላይቱ ላይ የደረሰው ረብሻ ከኢትዮጵያ ምድር የተነሳ መሆኑን ገለጸ፤ ቢቢሲ፣ ዶይቸ ቬለና ሌሎችም በአንድነት ተቃወሙ።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ኅብረቱ ፖሊስ የለውም፤ መቀጮ አይጥልም። አቤቱታ ይቀበላል፣ ረበሸ ለተባለው አገር ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል። ሽማግሌ እንጂ ዳኛ አይደለም። ሥርዓቱ የሚቆመው እያንዳንዱ አገር ነገ በኔም ይደርሳል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ለመርከብና ለአውሮፕላን ይህ ፍርሃት ይበቃል። ማታ ዜና ለሚሰማ የመንዝ ባላገር ግን አልበቃም።

ሌላም አለ። ያው መተዳደሪያ በ34ኛውና በ35ኛው አንቀጹ፣ መንግሥታት ለደኅንነታቸው ያሰጋቸውን የግል ግንኙነት የመቁረጥ፣ ዓለም አቀፍ አገልግሎትንም ለዋና ጸሐፊው አሳውቀው የማቋረጥ መብት ይሰጣቸዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የ1865ቱም ስምምነት ይህን ያውቅ ነበር። ድንበር መግፋትን የከለከለው መጽሐፍ፣ ለባለርስቱ የራሱን በር እንዲዘጋ ይፈቅድለታል ማለት ነው። ባለርስቱ ደግሞ አጎቴ አይደሉም።

ይህን ለአጎቴ ሳስረዳቸው ብዙም አልደነቃቸውም። በኖቬምበር 2021 የኅብረቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ልማት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ታቅዶ ነበር። ጉዳዩ ስልክና ኢንተርኔት ያልደረሳቸውን እንዴት እናድርስ የሚል ነው። በዚያው ወር ግን ጦርነቱ ከወሎ ወደ ሸዋ ወርዶ መንዝ ገባ። መንግሥት መዘዞንና ሞላሌን መልሶ መያዙን ያስታወቀው በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ጉባኤው በጁን 2022 ኪጋሊ ተደረገ። በነዚያ ሳምንታት እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ይህን አንድ ቁጥር በቀን አሥር ጊዜ እደውላለሁ። አይገባም። መኖር አለመኖራቸውን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

«እኔም እኮ እሞክር ነበር» አሉኝ አጎቴ፣ የሬዲዮዋን ጉጠት በቀስታ እያዞሩ። «ሞባይሏን ይዤ ጉብታው ላይ እወጣለሁ። አንድ መስመር እንኳ ብቅ ካለች ብዬ። ብርድ ላይ ቆሜ፣ እንዲህ ከፍ አድርጌ።»

እጃቸውን ከባናው አውጥተው አሳዩኝ። ከሬዲዮዋ አንድ የማናውቀው ቋንቋ ሾልኮ ወጣ፤ ዘፈን ይመስላል። አልዘጉትም።