አጥንት መቁጠርና ርስት

በዴንቨር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የዘር ሐረግ የሚፈለግበት ክፍል አለ። ከአውሮራ ወደዚያ ያደረስኳቸው አንድ አዛውንት ተሳፋሪ፣ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በእንግሊዝ አገር ባለ መሬት የነበሩ አያቶቻቸውን እየፈለጉ እንደሆነ አጫወቱኝ። የቀድሞ መምህር ነኝና ነገሩ አልለቀቀኝም። ለመሆኑ የእኛ ባለርስቶች ዘራቸውን እንዴት ያውቁ ነበር?

የእንግሊዙ ባለ መሬት ቤት ሥርዓት ቀላል ነው። መሬቱ በአብዛኛው ለበኩሩ ወንድ ልጅ ይተላለፋል፤ ታናናሾቹ በክህነት፣ በሕግ ወይም በንግድ ያድራሉ። ሄንሪ እ.ኤ.አ. ከ1536 እስከ 1540 ገዳማቱን ዘግቶ መሬታቸውን ሲሸጥ ብዙ ቤተ ሰቦች ገዝተው ከበሩ። በ1538 ደግሞ ሹሙ ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። አዛውንቱን የሚረዳቸው ይህን የመሰለ መዝገብ ነው።

በጎጃምና በጎንደር ግን መዝገቡ በአብዛኛው የሰው አፍ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ሰው አቅኚ አባት ይባላል። ከእርሱ መወለዱን በአባትም ሆነ በእናት በኩል ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም ሳይባል፣ ድርሻ ይጠይቃል። (ጉልት ሌላ ነው፤ እርሱ ግብር የመብላት መብት ነው።) አንድ ገበሬ በእናቱ እናት በኩል ወንዝ ተሻግሮ ርስት ሊሟገት ይችል ነበር። አጥንት የሚቆጠረው ለወግ ሳይሆን ለእንጀራ ነው። በ1540 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ በአያት ይዞታ ለሚነሣ ክርክር የ60 ዓመት ገደብ ሲያበጅ፣ የእኛ ሰው «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እያለ ኖረ። ምስክሩ ሽማግሌ፣ ሽማግሌውም ዘመድ ነውና ሙግቱ አለማለቁ ምን ይገርማል! ደግሞም ሁሉም ቢቆጥር መሬቱ ለሁሉም አይበቃም፤ የሚረታው ብዙ ጊዜ ሹመት፣ ገንዘብና አንደበት ያለው ነበር።

ጽሑፍ ጭራሽ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ሽያጭና ስጦታ ከነምስክሮቹ በብራና መጻሕፍት ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሴቶችም በሻጭነትና በገዥነት ተጠቅሰዋል። የእንግሊዝ ባለትዳር ሴት በዚያ ዘመን በባሏ ጥላ ሥር ነበረች።

ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ የምንኩራራ ከሆነ ግማሹን ታሪክ ደብቀናል። አጥንት የሚቆጠረው ለማካፈል ብቻ አልነበረም፤ ለማግለልም ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው ቤተ እስራኤል በ15ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ርስታቸውን ያጡት አንጠመቅም በማለታቸው ነው። በደጋው በብዙ ስፍራ እስላሙም ርስት አልነበረውም። ከምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ በደቡብ ብዙው ገበሬ በአባቶቹ መሬት ላይ ገባር ሆኗል። አውሮራ ውስጥ በአንድ ቡና ላይ ከተቀመጥን ጓደኛሞች መካከል «ርስት» የሚለው ቃል ለአንዱ ክብር፣ ለሌላው ቁስል የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ሙግት መሠረቱን አጣ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የምቆጥረው እስከ አራት ቤት ብቻ ነው። ሴት አያቴ ግን ዳኛም መሬትም በሌለበት እስከ ዘጠኝ ቤት ይቆጥሩ ነበር። የእናታቸው ወገን ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ በዚያ በኩል የነበራቸውን ድርሻ የወሰደው የገዛ አጎታቸው ነበር።